አሥራ ስድስት በስምንት

«ብዪ እንጂ! ሲቀዘቅዝ ማን ሊበላልሽ ነው?»

ናፊሳ የፉሉን ሳህን ወደ ልጇ ገፋች። ሳቢሪን መልሳ ወደ እናቷ ገፋች። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ናፊሳ ያዘችውና ልጇን ትክ ብላ አየቻት። በዚያ ዓይን የታየ ሰው ወይ ይበላል፣ ወይ ምክንያት ያቀርባል።

እሁድ ጠዋት ነው። ሳቢሪን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትሮጥ ቆይታ መግባቷ ስለሆነ ላቧ ገና አልደረቀም። ሆዷ ባዶ ነው። ናፊሳ ደግሞ ፉሉ ላይ ዘይቱንም ቃሪያውንም አልሰሰተችም፤ ሽታው ብቻውን ሰው ያስክዳል። ሳቢሪን ግን እስከ ስድስት ሰዓት አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ወስናለች። ወስናለች ማለት፣ ስልኳ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ወስናላታለች።

ሴትዮዋ ቲክቶክ ላይ ናት። ኩሽናዋ ነጭ ነው፤ ሽንኩርት ተልጦበት የሚያውቅ አይመስልም። «አሥራ ስድስት በስምንት!» ትላለች እጇን እያጨበጨበች። ከሃያ አራቱ ሰዓት ስምንቱን ትበላላችሁ፣ አሥራ ስድስቱን ሆዳችሁን ታሳርፋላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ስፖርት ትሠራላችሁ፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ እንደ ላባ ትቀልላላችሁ። ሳቢሪንን የያዛት ላባ የሚለው ቃል ነው። ትምህርት ቤታቸው ለከተማው ውድድር በአራት በአራት መቶ ሜትር ዱላ ቅብብል የሚሮጡ አራት ሴቶች ሊመርጥ ነው። የመጨረሻው ማጣሪያ ቅዳሜ ነው። ሳቢሪን ከሁሉ አምስተኛ ናት። ከአራተኛዋ የምትዘገየው ሁለት ሰከንድ ነው። ሁለት ሰከንድ! ሰው በሁለት ሰከንድ ውስጥ አስነጥሶ አይጨርስም።

ይህን ሁሉ ለናፊሳ ማስረዳት ግን የማይሞከር ነው። ባለፈው ከቲክቶክ ተምራ ፀጉሯን በእንቁላል ያሸች ጊዜ እናቷ ሳምንቱን ሙሉ «ዛሬስ ኦምሌቱን የት ልቀባው?» እያለች ሙድ ይዛባታለች። ቁርስ የማይበላ ልጅ ደግሞ ለናፊሳ ወይ ታሟል፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል፣ ሦስተኛ የለም።

«ጾመኛ ነኝ ኡሚ» አለች ሳቢሪን።

ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። አፏ ነው ያመጣው።

«የምን ጾም?»

«ቀዳ።»

ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ምክንያት ያለፏትን የረመዳን ቀናት ቀጣዩ ረመዳን ሳይገባ ጾማ ትተካለች፤ ቀዳ የሚባለው እሱ ነው። ሳቢሪን ሰባት ቀን አለባት። ሰባቱንም እንደ ሒሳብ የቤት ሥራ «ነገ፣ ነገ» ስትል ዓመት ሊሞላት ነው። እንግዲህ ሙሉ ለሙሉ አልዋሸሁም ብላ ራሷን አጽናናች። ቀዳው እውነት ነው። ውሸቱ ጾሙ ብቻ ነው።

«ኒያሽን ከፈጅር በፊት አድርገሻል?» አለች ናፊሳ፤ የጾሙን ሐሳብ ከንጋቱ ሶላት በፊት በልብ ያልያዘ ቀዳው አይቆጠርለትም።

«አድርጌያለሁ።»

ውሸቶቹ ሁለት ሆኑ።

ሳቢሪን ጭቅጭቅ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን የፉሉን ሳህን ቀስ አድርጋ ከደነች፣ ወንበር ስባም ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ሳቢሪን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው የስምንተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን ነው።

«እኔም እኮ ስምንት አለብኝ» አለች ናፊሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጥፋት እንደምትናገር። «ዛሬ ነገ ስል። ፋብሪካው ሲሞቅ፣ አባትሽ ሲመጣ፣ ሲሄድ… ብቻዬን መጀመር ከበደኝ። ኢንተላ ኮ!» ልጄ ማለቷ ነው፤ ደስ ሲላት ኦሮምኛዋ ይቀድማታል። «እንዲህ እየሮጥሽ? ማሻአላህ! በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አብረን ነን። ለሱሁር እኔ እቀሰቅስሻለሁ።»

«አይ ኡሚ፣ አንቺ እኮ ሥራ…»

«ዝም በይ። አንቺ ከጀመርሽ እኔ ምን ሰበብ አለኝ?»

ናፊሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። መስፋቱ አይደለም፣ መተኮሱ። ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ከእንፋሎት ጋር ፊት ለፊት፣ ፈረንጅ የሚለብሰውን ሱሪ እግሩን ቀጥ ታደርጋለች። የሳቢሪን አባት ዱዓሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው፤ ቤቱ የእናትና የልጅ ነው። ሁለት ሰው ባለበት ቤት አንዱ ከዋሸ የሚዋሸው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ሳይንሱ ሁሉ ተበላሸ። ሴትዮዋ ባለችው መሠረት ሳቢሪን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በልታ እስከ ቀኑ ስድስት መቆየት ነበረባት። ናፊሳ ግን ገና ሳይነጋ ብርድ ልብሱን ከላይዋ ገፋ እያደረገች፣ «ተነሺ ሳቢ፣ ሱሁር! በረካ አለው» እያለች ሩዝ በሥጋ ታቀርብላታለች። ሩዙ ደግሞ የሰው ሳይሆን የግመል መጠን ነው። «ቀኑ ረጅም ነው፤ ጨምሪ። ትሮጪያለሽ እኮ፣ ጨምሪ።» ሳቢሪን አንድ ዓይኗን ጨፍና ትጨምራለች። ስድስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ትርባለች፤ ትበላለች። ማታ ለአፍጥር ደግሞ ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው አለ። ረቡዕ ጠዋት ቁጭ ብላ አሰላችው። ከሱሁር እስከ ስድስት ሰዓት የምትቆየው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል! ይኼማ መተኛት ይባላል እንጂ ጾም አይባልም። ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ሽማግሌ ጋ ሄዳ ተመዘነች።

አንድ ኪሎ ጨምራለች።

«ላባ!» አለች ሀዎ። ሳቋ መጥቶ ሳምቡሳው ትን አላት። «ወላሂ የሰጎን ላባ ነሽ!»

ሀዎ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ። አማርኛዋ ውስጥ ሶማልኛው በየመሀሉ ብቅ ይላል፤ ስትቆጣም ስትወድም «አባዮ» ትላለች፣ እህቴ እንደማለት። የሳቢሪንን ምስጢር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ጀርባ አብረው ተደብቀው ይበላሉ። ሀዎ የምትደበቅበት ምክንያት የለም፤ ብቻዋን እንዳትበላ ብላ ነው።

«አቁሚው በቃ» አለች ሀዎ እጇን እየጠረገች። «ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምን ብዬ?»

«አላውቅም። አሁን ግን ጾመኛም አይደለሽም፣ ዳይተኛም አይደለሽም። ዝም ብለሽ በቀን አራቴ የምትበዪ ልጅ ነሽ።»

ሳቢሪን ሳቀች። ማታ ግን አልሳቀችም። አፍጥር ላይ ናፊሳ ፋብሪካ ለብሳው የዋለችውን ሻርፕ ሳታወልቅ ተቀምጣ ቴምሩን በሁለት ጣቷ ይዛ አዛን ስትጠብቅ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኖ ነበር። አዛኑ ሲጀምር መጀመሪያ ወደ ሳቢሪን ነው የምታየው። እሷ ሳትጎርስ አትጎርስም። «ቅደሚ፣ አንቺ ልጅ ነሽ» ትላለች። ከዚያ በጣቷ ትቆጥራለች። «አንቺ አራት፣ እኔ ሦስት። አልሀምዱሊላህ። ትናንት እኮ ፋብሪካ ለነሀምዲያ ነገርኳቸው፤ ልጄ ናት ያስጀመረችኝ አልኳቸው። ሀምዲያ አለቀሰች፣ የሷ ልጅ ፈርዱን ረመዳኑንም አትጾም።»

ሳቢሪን ቴምሩን ዋጠችው። ፍሬውን ሳታወጣ።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሜዳው ላይ ልምምድ ነበር። ሳቢሪን ከታይዋን ገበያ የገዛችውን ጫማ አሰረች። የታወቀው ኩባንያ ጫማው ላይ ሦስት መስመር ነው የሚያደርገው፤ የሷ አራት አለው፤ ሻጩ «አንዱ ምራቂ ነው» ብሏታል። ልትሟሟቅ ስትነሣ የስፖርት አስተማሪያቸው ቲቸር ጢሞቴዎስ በእጁ ጠራት። ወጣት ነው፤ ተማሪው ሁሉ «አንተ» ይለዋል፣ ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ሰው ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

«እናትሽ ደወለችልኝ» አለ።

ሳቢሪን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ምን አለችህ?»

«ልጄ ቀዳ እያወጣች ነው፣ ፀሐይ ላይ አደራ አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ሰኞና ማክሰኞ ሙሉ አስሮጥኩሽ።» ቲቸር ጢሞቴዎስ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ። «በጾም መሮጥ ቀልድ አይደለም። እኔ ራሴ በዐቢይ ጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሳልቀምስ ቆይቼ፣ አምስት ሺህ እሮጣለሁ ብዬ ሦስተኛው ዙር ላይ ተዘርሬያለሁ። ስነቃ ስሜን ለሁለት ደቂቃ አላውቀውም ነበር። አንቺ ደግሞ ገና እያደግሽ ያለሽ ልጅ ነሽ።»

«እኔ ምንም አልሆንም ቲቸር።»

«አትሆኚም። ምክንያቱም አትሮጪም። ጾመኛ ልጅ ላይ ሰዓት አልይዝም። ቅዳሜ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ፤ ጾምሽን ጨርሺ። በሚቀጥለው ዓመት…»

«በሚቀጥለው ዓመት?!»

«ሳቢሪን።» ትከሻዋን መታ አደረጋት። «ለአላህ ያለብሽን መጀመሪያ። እኔ ኮርቼብሻለሁ።»

ኮርቼብሻለሁ! አሁን ከአንድ ሰው በላይ ኮርቶባት የማያውቅ ዓለም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተረባርቦ ሊኮራባት ነው። ሳቢሪን ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አራተኛዋ ልጅ ፊት ለፊቷ ዙሩን ጨረሰች። የዛሬው ሰዓቷ መጥፎ ነበር፤ ከሳቢሪን በጣም መጥፎ ሰዓት ራሱ ይብሳል። ቅዳሜ እንዲህ ከሮጠች ሳቢሪን ትቀድማታለች። በእግሯ አስባ አወቀችው።

ሀዎ አጠገቧ መጥታ ቁጭ አለች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ጣቷን አንጣጣች፣ ጧ!

«አገኘሁት። ቀላል ነው፣ አብሽሪ!»

«ምኑ?»

«ወር አበባዬ መጣ በያት።»

ሳቢሪን ዞራ አየቻት።

«ወላሂ! አስቢው እስኪ። ለእናትሽ፣ ኡሚ ዛሬ መጣብኝ፣ ጾም አቆምኩ። እሷ ምን ትላለች? ምንም! ሴት አይደለች እንዴ? ለቲቸር ደግሞ፣ ቲቸር ከቅዳሜ ጀምሮ አልጾምም፣ ለምን እንዳትለኝ። እሱ ደግሞ ፊቱ ቀልቶ አይጠይቅም። ቅዳሜ ትሮጫለሽ። ያለፈው አለፈ። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም።» ሀዎ እጆቿን አራገፈች። «እኔ እኮ ጠበቃ ነው መሆን ያለብኝ።»

ሳቢሪን መላልሳ አየችው። ቀዳዳ የለውም። እንዲያውም በጣም ንጹሕ ከመሆኑ የተነሣ ለምን ከእሁድ ጀምሮ እንዳላሰበችው ገረማት።

«ነገ ማታ እነግራታለሁ» አለች።

ዓርብ ከትምህርት ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ቃሉን ለመደችው። «ኡሚ፣ ዛሬ መጣብኝ።» ትንሽ ቅር እንዳላት ሆና። «ኡሚ፣ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ አያናድድም?» ይኼ ደግሞ በጣም ይበዛል። ገንደ ቆሬ መታጠፊያው ላይ ወርዳ እስከ ቤት ድረስ በእግሯ እየሄደች ሦስተኛውን ስትመርጥ፣ የግቢው በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቷ ከሥራ የምትገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ናፊሳ ሳሎን ፍራሹ ላይ ተኝታለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ማራገቢያው በቅርብ ተደቅኖባታል፤ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደርጓል።

«ኡሚ!»

«አትጩሂ፣ ራሴን ነው» አለች ናፊሳ ዓይኗን ሳትከፍት። «ምንም አልሆንኩም። መተኮሻው ጋ ትንሽ ዞረብኝ። ሱፐርቫይዘሯ ወደ ቤት ሂጂ አለችኝ።»

«ወደቅሽ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ኡሚ፣ ወደቅሽ ወይስ ተቀመጥሽ?»

«ወድቄ ተቀመጥኩ። አሁን ምን ልዩነት አለው?»

ሳቢሪን ጫማዋን አወለቀችላት። እግሯ አብጧል። እጇን ስትይዘው ቆዳው ደርቆ እንደ ወረቀት ሻክሯል። ክሊኒክ እንሂድ ስትላት ናፊሳ ራሷን ነቀነቀች፤ የፋብሪካው ነርስ አይታታለች፣ ግፊትሽ ወርዷል፣ ውሃ ጠጪና ተኚ ብላታለች።

«እና ጠጣሽ?»

«ጾመኛ ነኝ አልኳት።»

«ኡሚ!»

«ሦስት ሰዓት ነው የቀረው እኮ ሳቢ።»

«ለታመመ ሰው ይፈቀዳል! አንቺ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ። ሌላ ቀን ትተኪዋለሽ።»

«ለታመመ ነው። እኔ ደክሞኝ ነው።» ናፊሳ ዓይኗን ገለጠች። ነጩ ቢጫ ቢጫ ብሏል፤ ፈገግታዋ ግን አለ። «እውነቱን ልንገርሽ? ልጠጣ ነበር። ስድስት ሰዓት አካባቢ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በእጄ አስያዙኝ። ወላሂ ከንፈሬ ጋ አድርሼው ነበር። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አሁን ሳቢ ክፍል ውስጥ አፏ ደርቆ ተቀምጣለች፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አንዴም አላማረረችም አልኩ። አፈርኩ። መለስኩላቸው።»

ስድስት ሰዓት አካባቢ ሳቢሪን ከግንቡ ጀርባ ሦስተኛዋ ሳምቡሳ ላይ ነበረች። በቃሪያ።

ባጃጅ ውስጥ የለመደችው ቃል አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። አሁን ብትለው ጥሩ ሰዓት ነው፤ ናፊሳ ደክሟታል፣ ምንም አትጠይቅም። ሳቢሪን ነገ ትሮጣለች። ግን ከዚያስ? እናቷ ሰኞ ደግሞ ያችን ልጅ እያሰበች ልትቆም ነው፤ በእንፋሎቱ ፊት፣ ሦስት ቀን ተጨማሪ። ክፍል ውስጥ አፏ ደርቆ የተቀመጠችውን፣ አንዴም ያላማረረችውን ልጅ። የሀዎ ውሸት ለሳቢሪን በር ይከፍታል፤ ያችን ልጅ ግን ከናፊሳ ጭንቅላት ውስጥ አያወጣትም።

ተነሣችና ኩሽና ገባች። ብርጭቆ አጠበች። አጥባ ስትጨርስ እንደገና አጠበችው። ከማቀዝቀዣው ውሃ ቀዳችና ይዛ ተመለሰች።

«አልጠጣም አልኩ እኮ» አለች ናፊሳ።

«ለአንቺ አይደለም።»

ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ እናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ብርጭቆውን አነሣች፣ ጠጣች። ጉሮሮዋ ጓ፣ ጓ ሲል ለራሷ ተሰማት። መሀል ላይ ማቆም ፈልጋ ነበር፤ አላቆመችም። እስከ ሥሩ ጨረሰችው።

ናፊሳ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች፤ እርጥቡ ጨርቅ ከግንባሯ ወደቀ። መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ፀሐይ፣ ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ።

«ረሳሽ አይደል?» አለች።

ጾመኛ ረስቶ ቢጠጣ ጾሙ አይበላሽም። ሳቢሪን ይህን የምታውቀው ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ነው። እናቷ ደክሟት ተኝታ እንኳ መውጫ እየሰጠቻት ነበር።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ…?»

«ጾመኛ አይደለሁም ኡሚ። ትናንትም አልነበርኩም። ከእሁድ ጀምሮ።»

ማራገቢያው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

«ሱሁር ላይ ያ ሁሉ ሩዝ?» አለች ናፊሳ በመጨረሻ።

«በላሁት።»

«ከሱሁሩ በኋላስ?»

«ምሳም በላሁ።»

ናፊሳ ልትስቅ ይመስል ከንፈሯ ተላቀቀ፤ አልሳቀችም። «ለምን?»

ሳቢሪን ስለ ሁለቱ ሰከንድ ነገረቻት። ስለ ሴትዮዋና ስለ ነጩ ኩሽና፣ ስለ ላባው። ጭንቅላቷ ውስጥ ትልቅ የነበረው ነገር ከአፏ ሲወጣ የዶሮ ጫጩት አከለ። ቲቸር ጢሞቴዎስ ያለውንም ነገረቻት። ሀዎ የመከረቻትን ግን የሀዎ ስም ሳይነሣ፣ «ሌላም ልዋሽሽ ነበር» ብላ አለፈችው።

«ልትሮጪ ብለሽ» አለች ናፊሳ።

«ልሮጥ ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ።»

ናፊሳ ተመልሳ ጋደም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳቢሪን መንካት ፈራች። እጇን ዘርግታ ጀርባዋ ጋ ስትደርስ መለሰችው። ከጎረቤት ግቢ የአንድ ሰው ሬዲዮ ይሰማል፤ ማስታወቂያው ሁለት ጊዜ አለቀ።

«ሳቢ» አለች ናፊሳ ሳትዞር።

«አቤት ኡሚ።»

«ሌላ ብርጭቆ አምጪ።»

ሳቢሪን ሮጣ አመጣች። ናፊሳ ተቀምጣ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ ትንሽ ትንሽ እየጎነጨች ጠጣች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ይቺን ቀን እተካታለሁ» አለች። «ያለፉት አራቱ የኔ ናቸው። ባንቺ ምክንያት ብጀምራቸውም የጾምኳቸው እኔ ነኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ያንቺ ሰባቱ ደግሞ እዚያው አሉ። አልቀነሱም።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን አታናግሪኝ። ተናድጃለሁ። ስነሣ የሚበላ ነገር እፈልጋለሁ፤ ጨው ያለው።» የቀረውን ውሃ ጨረሰች፣ ብርጭቆውን ለሳቢሪን ሰጠቻት፣ ተመልሳ ተኛች። ፊቷን ግን በዚህኛው ጊዜ ወደ ግድግዳው አላዞረችም።

ሳቢሪን ኩሽና ገብታ ድንች አወጣች። ቢላዋውን ስትፈልግ ስልኳ ነዘረ። ሀዎ ናት።

«አባዮ! ነገርሻት?»

«ነገርኳት» ብላ ጻፈች። «ያንቺን አይደለም።»

ሀዎ ዓይኑ የፈጠጠ ፊት ላከች። ቀጥላ ሌላ የፈጠጠ፣ ሌላ የፈጠጠ። ሳቢሪን አልመለሰችላትም። የቲቸር ጢሞቴዎስን ስም ፈልጋ ከፈተች። ከላይ ያለው የመጨረሻ መልእክት የሱ ነው፤ ትናንት ማታ የላከው፣ «በርቺ ጾመኛዋ»።

ሳቢሪን መጻፍ ጀመረች።

«ቲቸር፣ ሳቢሪን ነኝ። ጾመኛ አልነበርኩም። እናቴ የነገረችህ እኔ ዋሽቻት ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም። ስለዚህ ነገ መሮጥ እችላለሁ ወይ?»

አነበበችው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጾመኛ ካልሆነች የማትሮጥበት ምክንያት የለም፣ እሱ ራሱ ያለው ነው። አራተኛዋ ልጅ ሐሙስ የሮጠችው ትዝ አላት። እንደገና አነበበችው። ከሳሎን የእናቷ ትንፋሽ ይሰማል፤ ከበድ ብሎ፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ።

ጣቷን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል አጠፋችው። «ወይ» ጠፋ፣ «እችላለሁ» ጠፋ፣ «መሮጥ» ጠፋ፣ «ነገ» ጠፋ፣ «ስለዚህ» ጠፋ። የቀረውን ላከችው።

ከዚያ ስልኩን ገልብጣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ድንቹንም መላጥ ጀመረች።